አበበን አበባ ያደረገች ጭራ

በከተማችን ማተሚያ ቤቶች የሚታተም የሠርግ ጥሪ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልክ አለው። ሽፋኑ ላይ የሙሽሮቹ ስም በላቲን ፊደል፣ ወደ ቀኝ በተጋደመና ጭራው እየተጠማዘዘ እርስ በርሱ በሚያያዝ ጽሕፈት፣ በወርቅማ ቀለም ተንቆጥቁጦ ይታያል። ካርዱ ሲገለጥ የአማርኛው ጥሪ ይመጣል፤ እሱ ግን ለጨረታ ማስታወቂያም፣ ለፈተና ወረቀትም፣ ለቀበሌ ደብዳቤም በሚያገለግለው በዚያው ተራ የኮምፒዩተር ፊደል ተለቅሞ የገባ ነው። ጌጡ ለላቲኑ፣ ጉዳዩ ለአማርኛው ተከፋፍሏል። በምስክር ወረቀቱም፣ በሆቴሉ የምግብ ዝርዝርም፣ በሽቶና በጌጣጌጥ ሱቅ ሰሌዳም ክፍፍሉ ያው ነው።

ይህን የዲዛይነሮች ስንፍና አድርጎ ማየት ስህተት ይመስለኛል። ከሥሩ ያለው እምነት ነው፤ እምነቱም «የግዕዝ ፊደል ደረቅ ነው፣ አይዘነብልም፣ አይያያዝም፣ አይጠማዘዝም፤ ስለዚህ ለክብርና ለጌጥ አይመችም» የሚል ነው። ከዚህ እምነት ሁለት ዓይነት ሰው ይወጣል። አንደኛው እጁን ሰጥቶ ጌጡን ለእንግሊዝኛው ይተዋል። ሁለተኛው «ፊደላችን ከማን ያንሳል!» ብሎ በቁጭት ይነሣና የአማርኛውን ፊደል አጋድሞ በየእግሩ ጭራ ይቀጥልለታል። እነዚህ ሁለቱ የማይስማሙ ይመስላሉ እንጂ የያዙት ሚዛን አንድ ነው፤ ለሁለቱም ማማር ማለት መዘንበል፣ መያያዝና መጠማዘዝ ነው። የእኔ ክርክር ከሚዛኑ ጋር ነው። የግዕዝ ፊደል የራሱ የሆነ የክብር ጽሕፈት አለው፤ ያ ጽሕፈት ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ፊደል ከፊደል የማይነካካበት ነው፤ ያማረ የአማርኛ ፎንት የሚወለደውም ከዚያ ነው እንጂ የላቲኑን ጭራ ከመቀጠል አይደለም።

እስኪ ያ የምንቀናበት የላቲን ጽሕፈት ከየት እንደመጣ እንይ። ዛሬ በየኮምፒዩተሩ የምናገኛቸው የዚህ ዓይነት ፎንቶች ብዙዎቹ ዘራቸው ከ17ኛውና ከ18ኛው መቶ ዘመን የለንደን የጽሕፈት መምህራን ይመዘዛል። ማቲው ካርተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው ስኔል ራውንድሃንድ ስሙን የወሰደው ቻርልስ ስኔል ከሚባል የዚያ ዘመን መምህር ነው። ሪቻርድ ሊፕተን ለአዶቤ ኩባንያ የሠራው ቢክሃም ስክሪፕት ደግሞ የሚከተለው ጆርጅ ቢክሃምን ነው። ቢክሃም ከ1733 እስከ 1741 በየክፍሉ ባሳተመው «ዩኒቨርሳል ፔንማን» በተባለ መጽሐፉ የዘመኑን ስመ ጥር ጸሐፊዎች እጅ በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ አቅርቧል። ይህ እጅ ክብ ጽሕፈት ይባል ነበር፤ ያስፋፋውም ከሁሉ በላይ ንግድ ነው። የሂሳብ መዝገብ፣ የሐዋላ ሰነድና ደረሰኝ የሚጽፍ የንግድ ቤት ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ስለሚውል ብዕሩን በየፊደሉ ማንሣት አይችልም፤ ፊደሎቹ የተያያዙት ለዚህ ነው። ወደ ቀኝ የተጋደሙትም የሚሮጥ እጅ በተፈጥሮው ወደሚሄድበት ስለሚያዘነብል ነው። ከእንግሊዞቹ የቀደመው የጣሊያኖቹ ኢታሊክም ቢሆን የቢሮ እጅ ነበር፤ በ1520ዎቹ የማስተማሪያ መጽሐፍ ያወጣለት ሉዶቪኮ አሪጊ በሮም የጳጳሱን ደብዳቤዎች ከሚጽፉት አንዱ ነው። የቬኒሱ አታሚ አልዱስ ማኑቲዩስ በ1501 የቨርጂልን ግጥሞች በኢታሊክ ሲያትም መጽሐፉ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነበር፤ ፊደሉም ጠባብ ስለሆነ ለዚያ ተስማምቶታል። ስለዚህ የመዘንበልና የመያያዝ ወላጆቹ ጊዜ ቁጠባና ቦታ ቁጠባ ናቸው። ክብሩ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሌላ ፈጣን የጽሕፈት መሣሪያ ሥራውን ከወሰደበት ወዲህ ነው። ከሥራ የተሰናበተ ዕቃ ጌጥ ይሆናል፤ ሞሰብም ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እንዲሁ ነው። በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። እኛ ግን የለንደንን የደረሰኝ ጸሐፊ እጅ ተቀብለን የመኳንንት ደም አድርገን ማየታችን፣ የራሳችንን የክብር ጽሕፈት ደግሞ «ደረቅ» ማለታችን ይገርማል።

ራሳቸው ባለላቲኖቹ እጅግ የከበረ ነገር መጻፍ ሲፈልጉ ምን ያደርጉ ነበር? በሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ113 በቆመው የትራያን ዓምድ ሥር ያለው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የፊደል ቀራጮች መማሪያ ነው፤ ፊደሎቹ አይዘነብሉም፣ አይያያዙም፣ እያንዳንዱ በራሱ እግር ቆሟል። ጉተንበርግ በ1450ዎቹ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያትም የመረጠው ረጅምና ቀጥ ያለውን የገዳማት ጽሕፈት ነው። ከላቲን ውጪም ብንሄድ ያው ነው። የአይሁድ ጸሐፍት የኦሪትን ጥቅልል ሲጽፉ እያንዳንዱ ፊደል ዙሪያውን ባዶ ብራና እንዲከበው ሕጉ ያስገድዳቸዋል፤ ፊደል ከፊደል ከተነካካ ጥቅልሉ እስኪታረም ድረስ አይነበብበትም። መያያዝ የማማር ግዴታ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ እጅግ በጥንቃቄ ከሚጻፉት ጽሑፎች አንዱ አስቀያሚ ነው ልንል ነው። አረብኛ የተያያዘውን እያከበረ የሚያስውበው ፊደሉ ከሥሩ የሚያያዝ ስለሆነ ነው፤ እሱም የራሱን ተፈጥሮ ተከተለ እንጂ የሌላ አልተበደረም። አንድ ፊደል የሚያምረው የተፈጠረበትን ጠባይ ሲከተል ነው ካልን ደግሞ ጥያቄው ወደ ራሳችን ይመለሳል፤ የግዕዝ ፊደል ጠባይ ምንድን ነው?

መልሱን ሊቃውንቱ በስሙ ላይ አስቀምጠውታል። ለመጽሐፍ የሚጻፈውን ጽሕፈት «ቁም ጽሕፈት»፣ ባለሙያውንም «ቁም ጸሐፊ» ነው የሚሉት። አማርኛ ፍሬ ያለውን ጉዳይ «ቁም ነገር» ሲል የዋለበትን ቃል ለጽሕፈትም አውሎታል፤ ይህን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ያዙልኝ። ማስረጃው ሥራው ራሱ ነው። ብራናው ተወጥሮ ከተፋቀ በኋላ ዳር ዳሩ በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለ ቀለም፣ በደነዘዘ ብረት መስመር ይሰመራል፤ ጸሐፊው ሁሉንም ፊደል በዚያ መስመር ላይ እኩል ያቆማል። ብርዑ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቀረጻል፤ ጫፉ እንደ ፈረንጁ የብረት ብዕር የሾለ ሳይሆን ጠፍጠፍ ብሎ የተቆረጠ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በሾለው ብዕር ፊደል የሚወፍረው ጸሐፊው ሲጫነው ነው፤ ክብ ጽሕፈት ላይ የምናየው ማበጥና መቅጠን የእጅ ግፊት ነው። በጠፍጣፋው ብርዕ ግን ውፍረቱ ከአቆራረጡ ይመጣል፤ ብርዑ ወደ ታች ሲወርድ እግሩን አወፍሮ፣ ወደ ጎን ሲሄድ ደግሞ እንደ ክር አቅጥኖ ይጽፋል። በጎንደር ዘመን የተጻፉ መጻሕፍት ላይ የምናየውን «ጉልሕ» የሚባለውን ጽሕፈት ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን በአንድ «በ» ፊደል ላይ ያገኘዋል፤ ሁለት ወፋፍራም እግሮች፣ ራሳቸው ላይ ሰያፍ ተቆርጠው፣ በአንዲት ቀጭን መስመር ተያይዘው፣ በመሀላቸው ጠባብ ብርሃን ያስገባሉ። ውበቱ ያለው በዚያ ብርሃንና በእግሮቹ ውፍረት ሚዛን ላይ ነው። ይህን ፊደል ኮምፒዩተር ላይ አጋድሙት፤ እግሮቹ ሊወድቅ እንደተቃረበ አጥር ይሆናሉ፣ ክቡ ዐ እንቁላል ይመስላል፣ ሰያፍ የተቆረጠው ራስ ከመስመሩ ጋር ይጋጫል። አንድም ነገር አላማረም፤ የተጨመረው ማዘንበል ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መልክ ስለሆነ «ይህ የአንተ ምርጫ ነው» ብሎ የሚያልፈኝ አይጠፋም። የሚቀጥለው ግን የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በላቲን ፊደል አንድ ሆሄ እግሩ ላይ ጭራ ቢቀጠልለት ያው ሆሄ ነው። በግዕዝ ፊደል ግን እግር የአናባቢ ቤት ነው። ልጅ ሆነን በዜማ የቆጠርነው ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የሚለው ቅደም ተከተል ሁሉ የተሠራው በጭረትና በእግር ነው። ካዕብ ከፊደሉ ወገብ ወደ ቀኝ በወጣች ጭረት ይታወቃል፤ ሣልስ ከቀኝ እግር ሥር በወጣች ጭረት፤ ኃምስ በዚያው በእግሩ ሥር በተንጠለጠለች ቀለበት፤ ራብዕ በብዙዎቹ ፊደላት ቀኝ እግሩ ከግራው ሲረዝም፤ ሳብዕ ደግሞ ግራው ሲረዝም። ይህን ይዘን አበበ የሚባል ሙሽራ ስም ላይ «ጌጥ» እንጨምር። ፊደሎቹን እንደ ላቲኑ ለማያያዝ ከወገባቸው ወደ ቀኝ መስመር ብናወጣ ስሙ ኡቡቡ ወደሚል ያዘነብላል። መስመሩን ዝቅ አድርገን ከእግራቸው ሥር ብናያይዛቸው ኢቢቢ። ማያያዣውን በሚያምር ጥምዝ ብንጨርሰው ኤቤቤ። ማያያዙን ትተን የላቲን ዲዛይነሮች እንደሚያደርጉት የመጨረሻውን ፊደል የመጨረሻ እግር ብቻ ወደ ታች ዘርጋ ብናደርገው ደግሞ አበበ አበባ ይሆናል። ሙሽራውን ወደ አበባ የለወጠው ሌላ ምንም ሳይሆን ያቺ አንዲት ጭራ ናት። ይህ በአበበ ስም ብቻ የሚሆን የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ከበደም፣ ሰለሞንም፣ በላይነሽም ያው ዕጣ ይጠብቃቸዋል። ላቲን ለጌጥ ባዶ የተወውን ቦታ ሁሉ የእኛ ፊደል ለድምፅ ተጠቅሞበታል።

«እንግዲያስ ጌጡን ወደ ራሱ እንውሰደው» ለሚል ሰውም መንገዱ ክፍት አይደለም። ሰ ላይ አግድም ጭረት ብትጭን ሸ ይሆናል፤ ተ ቸ ይሆናል፤ ነ ኘ፣ ደ ጀ፣ ዘ ዠ ይሆናሉ። እግር አናባቢውን ሲይዝ ራስ ደግሞ ተነባቢውን ይዟል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። የላቲኑ ያጌጠ ፎንት የሚሠራው ፊደሉ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው። ትልቁ ሆሄ በስም መጀመሪያ ላይ ተዘርግቶ፣ ተጠማዝዞ ይታያል፤ ትንንሾቹ ከኋላው ሰብሰብ ብለው፣ ሥርዓት ይዘው ይከተሉታል። ሄርማን ዛፕ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ዛፕፊኖ የተባለ ፎንት ሲሠራ ለአንድ ሆሄ በርካታ አማራጭ ቅርጾችን አበጅቷል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ሆሄ በአንድ ቃል ውስጥ አብሮ እንዲጨፍር አይደለም። ለዚህም ነው በላቲን የፊደል ሥራ የሰለጠነ ሰው ሁሉ «ያጌጠ ጽሕፈትን በትልልቅ ሆሄ ብቻ አትለቅም» የሚል ደንብ ያለው፤ እንዲያ ሲደረግ ቃሉ እሾህ ይሆናል። ግዕዝ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም። ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ሁሉም ባለ ሙሉ ቁመት ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ላይ ጭራ የሚቀጥል ሰው ላቲኖቹ ራሳቸው የከለከሉትን ስህተት እየሠራ ነው። የተበደረውን ጌጥ ደንብ እንኳ ሳያጣራ ተበድሯል።

ታዲያ የእኛ ጌጥ የት ነው? የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው ያውቀዋል። ጌጡ ከፊደሉ ጎን ነው የተቀመጠው። ከምዕራፉ ራስ ላይ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ እየተጠላለፈ የሚወርደው ሐረግ አለ፤ እዚያ ላይ ሠዓሊው የፈለገውን ያህል ይጠማዘዛል፣ ማንም ሐረጉን ስም አድርጎ አያነበውም። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ አለ፤ አራት ነጥብ አለ፤ ጸሐፊው ጥቁሩን ነጥብ በቀይ ሲከብበውና ሲያሰማምረው በገጹ ላይ ዘር እንደተዘራ ያህል ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀይ ቀለም አለ። በጥላሸትና በተቆላ እህል የተሠራው ጥቁር ቀለም ጽሑፉን ሲያስኬድ ቆይቶ የአምላክ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን፣ ብዙ ጊዜም የመጽሐፉ ባለቤት ስም ሲደርስ ጸሐፊው ብርዕ ቀይሮ በቀይ ይጽፈዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሊቃውንቱ ስምን ሊያከብሩ ሲፈልጉ የስሙን ፊደል አላጣመሙትም። ቅርጹን እንዳለ ትተው ቀለሙን ለወጡለት። ሰው ስም የሚያከብርበት ከዚህ የተሻለ መንገድ ለሠርግ ካርድ ምን ይመጣል? ከቤተ ክርስቲያን ውጪም ወደ ቤተ መንግሥት ብንሄድ የአጼ ምኒልክ ማኅተም «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን በአንበሳው ዙሪያ ያደረገው በቆመ ፊደል ነው። አገሪቱ ከዚያ የበለጠ የክብር ወረቀት አልነበራትም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ቀላል ያልሆኑ አሉባቸውና። በመጀመሪያ የሚነሣው «ካርድ ጌጥ ነው፣ ማን ፊደል በፊደል ያነበዋል፤ ሙሽሮቹን ሁሉ ያውቃቸዋል» የሚለው ነው። ካርዱ ግን የሚላከው ለሚያውቋቸው ብቻ አይደለም። ለአባት የሥራ ባልደረባ፣ ለእናት የዕድር አባል፣ ለሙሽራው አጎት የገጠር ዘመድም ይላካል፤ እነዚህ ሰዎች ስሙን የሚያነቡት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከስሙ ሥርም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹ አለ። ምስክር ወረቀት ላይ ሲሆን ደግሞ ስም የሕግ ጉዳይ ነው፤ አበበ ተብሎ የተማረ ሰው አበባ ተብሎ ሊመረቅ አይገባም።

ሁለተኛው የወጣቶቹ ተቃውሞ ነው፤ «ፊደል ሕያው ነገር ነው፣ ሁሌ ብራና ብራና ማለት ሙዚየም ውስጥ መቀመጥ ነው» ይላሉ። በመጀመሪያው ግማሽ እስማማለሁ። ለፊልም ማስታወቂያ፣ ለሙዚቃ አልበም፣ ለቡና ማሸጊያ ፊደል ይወፍር፣ ይቅጠን፣ ማዕዘን ያውጣ፣ ይፈንድቅ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ከአሜሪካ ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት በሥዕሉ ሸራ ላይ የግዕዝን ፊደል ሲሰብረው፣ ሲያገላብጠው፣ ሲያስጨፍረው ኖሯል፤ ማንም በዚህ ሊከሰው አይገባም፤ ምክንያቱም እሱ ሥዕል ነው የሰጠን፣ እንድናነበው አላለም። ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ። ብዙ የሚጽፍ ሰው በደብተሩና በሂሳብ መዝገቡ ላይ የሚሮጥ፣ በቦታ በቦታ የሚነካካ የአማርኛ እጅ አለው፤ ያን እጅ አጥንቶ ፎንት የሚያደርግ ባለሙያ ቢነሣ ደስ ይለኛል፤ ለመጽሔት ርዕስ፣ ለፖስት ካርድ፣ ለወዳጅ ደብዳቤ ይሆናል። ያ ግን ከራሱ ከአማርኛ ፍጥነት የተወለደ፣ የትኛው ጭረት ሊነካካ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ሺህ ጸሐፊዎች በእጃቸው የለዩበት ይሆናል። እኔ የምቃወመው ስኔልን አንሥቶ «በ» ላይ መለጠፉን ነው። ሕያውነት ከሌላ ሰው ቁም ሣጥን ልብስ መዋስ ከሆነማ ከእኛ የበለጠ ሕያው የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይከብደኛል፤ በቅንነት የሚነሣ ስለሆነ። «ቁም ጽሕፈት የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው፤ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ሃይማኖት የሌለው ሰው ካርዱ ላይ ለምን የድጓ መልክ ይሸከማል?» ይላል። ፊደሉን ለብዙ መቶ ዓመታት ያሳደገችው ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ማንም አይክድም። ነገር ግን የፊደሉ መልክና ከጎኑ የሚሣለው ጌጥ አንድ አይደሉም። ሐረጉንና መስቀሉን መተው ይቻላል፤ የወፈረ እግርና የቀጠነ መስመር ሚዛን ግን ሃይማኖት የለውም። የፈረንጆቹ ቀጥ ያለ ጎቲክ ጽሕፈትም ከገዳም ወጥቶ ዛሬ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ስም ሆኖ ይታያል፤ ጋዜጣውን ማንም ጸሎት መጽሐፍ ብሎ አያስበውም። ቅዱስ ቁርኣንም በአማርኛ ሲተረጎም የታተመው በዚሁ ፊደል ነው። ሙስሊሙ ወገናችን በአረብኛ ጽሕፈቱ ላይ የራሱ ጥልቅ የጽሕፈት ባህል ስላለው ከእኛ ይልቅ እሱ ይህን ነገር ቶሎ ይረዳዋል፤ ፊደልን በገዛ ጠባዩ ማሳመር ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ መማር ይገባናል።

የመጨረሻውን ተቃውሞ ማተሚያ ቤቶቹ ናቸው የሚያነሡት፤ በእኔ እይታ እውነት ያለበትም ይኸው ነው። «ይህን ሁሉ ትላለህ፤ በቁም ጽሕፈት የተሠራ፣ ለካርድ የሚሆን ፎንት ስጠን ብንልህ ስንት ትሰጠናለህ?» ይላሉ። ጥቂት። ላቲን ፎንት የሚሠራ ሰው ትልቁንም ትንሹንም ቢሥል ሆሄው 52 ነው። የአማርኛ ፎንት ሠሪ ግን 33ቱን በሰባት አባዝቶ ከ231 ይጀምራል፤ ዲቃላዎቹ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ነጥቦቹ ይጨመራሉ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን በ3.0 ሥሪቱ ሲያስገባ የመዘገበው 345 ምልክት ነበር። ለእያንዳንዱ ሁለተኛ አማራጭ ቅርጽ እንሥራ ቢባል ሥራው በአንድ ጊዜ ከስድስት መቶ ያልፋል። ታሪካችንም አልረዳንም። የግዕዝ ፊደል በብረት ተቀርጾ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ነው፤ መዝሙረ ዳዊቱን ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የፊደላችንን ብረት የሚቀርጹት ባዕዳን ነበሩ፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በኮምፒዩተር ዘመንም የመጀመሪያው ትግል ፊደሉ በስክሪን ላይ እንዲወጣ ብቻ ነበር፤ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያን ትግል ያሸነፉልን ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። ከማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላም ሆነ ከጽሕፈት ባህላችን የተነሣው አቢሲኒካ የተሠሩት ለንባብ ነው፤ ለዚያ ሥራ በደንብ ያገለግላሉ። የክብር ወረቀት ፎንት ገና ተራው እየደረሰ ነው። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ግን የሥራ ጉድለትን ነው፤ የፊደል ጉድለትን አይደለም። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሥራ የጎደለው ነገር ይሠራል፣ ፊደሉ ራሱ ጎደሎ ነው ብሎ ያመነ ሰው ግን አይጀምረውም። ጭራ ቀጣዩ ዲዛይነር 300 ፊደል ላይ ጭራ ሲቀጥል ያባከነውን ጊዜ አንድ የጎንደር ዘመን መጽሐፍ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የእግሩን ውፍረት፣ የራሱን አቆራረጥ፣ በእግሮቹ መሀል ያለውን ብርሃን ለመለካት ቢያውለው ፎንቱ አልቆ ነበር።

እስከዚያ ድረስ የሠርግ ካርድ ለምታሳትሙ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ፤ ወጪውም የቀለም ለውጥ ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ልጁ የላቲኑን ጭራ እያሳየ «የትኛው ይሁን?» ሲላችሁ፣ ስማችንን በአማርኛ፣ በሽፋኑ ላይ፣ በቁም ፊደል አድርግልን በሉት። ጽሑፉ ጥቁር ይሁን፤ የሁለታችሁ ስም ቀይ።